ሒና ተቀብቼ ወደ ቀዶ ሕክምና

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ሐጅ ዩሱፍ

የሰፈራችን የሐጅ ዩሱፍ አህዮች ከሙአዚኑ ይቀድማሉ። ውሃ የሚያዞረው ጋሪ በበራችን ሲያልፍ እኔ ታጥቤ፣ ሰግጄ፣ ሻንጣዬን ለሦስተኛ ጊዜ ፈትሼ ቁጭ ብያለሁ። ሻንጣ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የሩዝ ከረጢት ነው። በውስጡ ሁለት ጀለቢያ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ ከፊት የሚከፈት ሸሚዝና በፌስታል የተጠቀለለ የምርመራ ውጤት አለ።

የምሄደው ሩቅ አይደለም። ከሐጅ ዩሱፍ ተነስቶ፣ በባሕሪ ከተማ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ካርቱም ያለ ሆስፒታል መድረስ ነው። ያን ጊዜ ጦርነቱ ገና አልመጣም፤ ድልድዩ የሚጨናነቀው በመኪና ብዛት ብቻ ነበር። መንገዱ ለቀቅ ካለ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። እኔ ግን ይህችን ጠዋት ለማየት ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ግራ ጡቴ ላይ ያለውን እብጠት ያገኘሁት የሰው ቤት መስኮት ስወለውል ነው። ሥራ ያስወጡኛል ብዬ አራት ወር ደበቅሁት። ቀሪው አራት ወር በምርመራና በወረፋ አለቀ። የጡት ካንሰር ነው ተባልኩ፤ መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ጨረር።

ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮኛል። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ይዘጋል፤ ያልገባ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጣል። የሚቀጥለው ተራ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያንቺ ነገር ሁለት ወር አይታገስም።»

ከጎኔ ሉባባ ታንኮራፋለች። እሷ የከሚሴ ልጅ ናት፣ እኔ የባቲ፤ እህትማማች የሆንነው ግን ካርቱም ላይ ነው። ካርቱም ውስጥ ሳጃና የሚባል ሰፈር ትኖራለች። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቤት ትሠራለች፣ ዓርብ ዓርብ የሱዳን ሙሽሮችን ሒና ትቀባለች። ሙያዋን ስታወራ አትጠግብም፤ እውነቷን ነው፣ እጇ ይችልበታል። ትናንት ከሰዓት በኋላ አስታማሚ ልትሆነኝ መጥታ ገና ሳትቀመጥ እጄን ያዘችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ባዶ እጅ የሐዘንተኛ እጅ ነው!»

ካርቱም ውስጥ ሙሽራ ሒና ትቀባለች፣ አራስ ትቀባለች፣ ለሐጅ የምትነሳ ትቀባለች። እጇን ባዶ የምትተወው ሐዘን የገባት ሴት ናት። እኛም ከኖርንበት ወስደነዋል።

«አንቺ ለቅሶ ነው የምትሄጂው? ወላሂ ባዶ እጅሽን ከቢላ ሥር አላስተኛሽም!» አለችና ጣቶቼን በሙሉ እስከ መጀመሪያው አንጓ በጥቁር ሒና ነከረቻቸው። መዳፌ ላይ አበባ፣ የእጄ ጀርባ ላይ ሐረግ። አሥራ አንድ ዓመት በበረኪና የተላጠው እጄ የባለጸጋ እጅ መሰለ። ደስ አለኝ። እፈራ ነበር፤ ማታ ሁለት ጊዜ አልቅሻለሁ፤ ግን እጄን ባየሁት ቁጥር ፍርሃቱ ትንሽ ይቀልልኝ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ ሐፍላ ውስጥ

ረክሻው፣ ያው ባጃጁ፣ ከቤታችን እስከ ዋናው መንገድ ድረስ አናግቶ አደረሰን። ፌርማታው ላይ አንዲት ሴት ትኩስ ዘላቢያ እየጠበሰች ስኳር ትነሰንሳለች። እኔ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብም ውሃም ክልክል ነኝ። ሉባባ ሦስት ገዝታ ፊቷን አዙራ በላች። ጀርባዋ ሲያላምጥ ይታየኝ ነበር።

ሐፍላ የሚሉት ያ ያረጀ አውቶቡስ ሞልቶ ተነሳ። ከምሳሪው፣ ረዳቱ ማለት ነው፣ ሒሳብ የሚሰበስበው ሳይናገር ጣቱን እያጮኸ ነው። ከአጠገቤ ነጭ ቶብ የለበሱ አሮጊት ተቀምጠዋል። እጄን አዩና ፊታቸው በራ።

«መብሩክ ያ ዐሩስ!» አሉኝ። ሙሽሪት፣ እንኳን ደስ ያለሽ ማለታቸው ነው።

«ዐሩስ አይደለሁም፣ ሐጃ። ወደ ሙስተሽፋ ነው የምሄደው፤ አመሊያ አለብኝ» አልኳቸው፤ ሆስፒታልና ቀዶ ሕክምና ማለቴ ነው።

«አላህ ያሽርሽ፣ ልጄ። በየትኛው በር ነው የምትገቢው?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዓረብኛ እንደ ውሃ እናገራለሁ፤ ማንበብ ግን አልችልም። ሉባባም እንደኔው ናት። ባለፈው ሳምንት ነርሷ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዳትበዪ፣ እንዳትጠጪ፤ ሌላው ወረቀቱ ላይ አለ» ብላ አንድ ገጽ ስትሰጠኝ «ታማም፣ እሺ» ብዬ ተቀበልኳት። አሥራ አንድ ዓመት ኖራ ማንበብ አታውቅም እንዳትለኝ አፈርኩ። ወረቀቱን አጣጥፌ ጡት መያዣዬ ውስጥ፣ በጤነኛው በኩል፣ ከተትኩት። እዚያው ከርሟል።

አሁን አውጥቼ ለሐጃ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው ያነቡልኝ ጀመር። በስተ ምሥራቅ ባለው በር ግቢ። ወርቅና ቀለበት አውልቂ። አስታማሚ ይዘሽ ነይ። ከዚያ ወረቀቱን አዩ፤ እጄን አዩ።

«ምን ይላል፣ ሐጃ?»

«የጥፍር ቀለምና ሒና ክልክል ነው ይላል።»

ሉባባ ከኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ «ለምን?» አለች፣ ሒናውን ሐጃ የከለከሏት ይመስል።

ሐጃ አስረዱን። በማደንዘዣ ስትተኚ ጣትሽ ላይ መቆንጠጫ የመሰለ ማሽን ያደርጋሉ። ማሽኑ በጥፍርሽ በኩል መብራት ልኮ ደምሽ አየር ማግኘቱን ያያል። ጥፍሩ በሒና ከጠቆረ ማሽኑ አያይም። «እኔ ሐሞቴን ላስወጣ ስሄድ ከበር መልሰውኛል። ቢያንስ አንድ ጣት ንጹሕ ይሁን ብለውኝ ነበር» አሉ።

ከበር መመለስ። ሁለት ወር። ያንቺ ነገር ሁለት ወር አይታገስም። ጣቶቼን ቆጠርኳቸው፤ አሥሩም እንደ ከሰል ጠቁረዋል።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አልኩ በአማርኛ። የሱዳን ሙሽራ ስትቀባ አይተን እኮ ነው።

ሉባባ ግን ተነስታ ቆማለች። ሐፍላው ባሕሪ ደርሶ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈሩ ጋ በመኪና መሀል ተገትሯል። «ወራጅ!» ብላ ጮኸች። ከምሳሪው አማርኛ አያውቅም፤ ግን የድምፅዋን ነገር አይቶ በሩን ከፈተ።

አንድ ሰዓት ገደማ፤ ባሕሪ

ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። የተከፈቱት ጋራዦችና የእንጨት ሥራ ቤቶች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ያገኘነው መካኒክ ችግራችንን ሰምቶ ጨርቅ በቤንዚን ነክሮ ሰጠን። ሉባባ አውራ ጣቴን እስኪቃጠል ፈተገችው። ቤንዚን ቤንዚን ሸተትኩ እንጂ ሒናው ወይ ፍንክች።

ቀጥሎ ያለው ቤት አልጋ የሚሠራ አናጢ ነው። ኡስጣ በሺር፣ ባለሙያው በሺር ማለት ነው፣ ይባላል፤ ጢሙ በመጋዝ ብናኝ ነጥቷል። መካኒኩ ከማዶ ጮሆ ታሪኬን ነገረው። አፍሬ መሬቱን አየሁ። ኡስጣ በሺር ግን አልሳቀም። እጄን ሳይነካ ጎንበስ ብሎ አየና ስለ እንጨት የሚያወራ ሰው ሆነ።

«ይሄ ከላይ የተቀባ አይደለም፣ ጠልቋል። የጠለቀ ቀለም አይታጠብም፤ ይላጋል» አለ። ሁለት ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ከመሳቢያ አወጣ። «በሸካራው ትጀምሪያለሽ፣ በለስላሳው ትጨርሻለሽ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ። አትጫኚው።» ወረቀቶቹን የዘረጋው ለሉባባ ነው። የማያውቃትን ሴት እጅ አይዝም።

«እኔ?» አለች ሉባባ። «የሠራሁትን እኔው ላፍርስ?»

«የሠራ ሰው ነው ማፍረሱን የሚያውቀው» አላት።

ያልተላገ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። ቀዶ ሕክምናው በግራ ስለሆነ የቀኙን አውራ ጣት መረጥን። ሉባባ እየላገች ትሳደባለች፣ እየተሳደበች ታለቅሳለች። «ሙሽሮች ወረፋ የሚይዙለት እጄ ነው! የማንም ቤት ሒናዬ ለቅቆ አያውቅም!»

«ሉቢ፣ ቀስ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«ዝም በይ፣ ዘሐራ! አንቺ ነሽ ወረቀት ጡትሽ ውስጥ የምትቀብሪ!»

እውነቷን ስለሆነ አውራ ጣቴን ቀጥ አድርጌ ያዝኩላት። ጥቁሩ ቡናማ ሆነ። ቡናማው ብርቱካን ሆነ። ኡስጣ በሺር በየመሀሉ ብናኙን በአፉ እፍ ይልና «ገና ነው» ይላል። በለስላሳው ወረቀት መጨረሻ ላይ «ወደ ፀሐይ ያዢው» አለኝ። ያዝኩት። ከጥፍሬ ሥር፣ ከመሀሉ፣ ቀላ ያለ የራሴ ሥጋ ብቅ አለ። ጥፍሬን አይቼ ተደስቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ጮህኩ።

ለድካሙ ልንከፍለው ብንል እጁን አወናጨፈ። «እንጨት ቢሆን ቫርኒሽም እቀባልሽ ነበር። ያላ፣ ሂጂ! ድነሽ ስትመለሺ በዚህ ስታልፊ ታይኛለሽ፣ ኢንሻአላህ።»

ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፤ ድልድዩና በሩ

መኪናው አሁንም አይንቀሳቀስም። ረክሻ ይዘን በውስጥ ለውስጥ ድልድዩ ጥግ ደረስን፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ሉባባ ከረጢቱን ተሸክማ ፊት ፊት ትሮጣለች፣ እኔ ባዶ ሆዴን ከኋላ። ከሥራችን ዓባይ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። እሱ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ያለ ወረቀት ነው የሚገባው፤ ማንም አንብብ አይለውም። ቀናሁበት።

የምሥራቁ በር ላይ ያለችው ነርስ ዝርዝሩን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለሁለት አምስት ጉዳይ ይላል።

«ስም?»

«ዘሐራ።»

«እጅ።»

ዘረጋሁላት። የነርሷ ቅንድብ ወደ ላይ ሄደ። «ሒና? ወረቀት አልተሰጠሽም?»

«ማንበብ አልችልም» አልኳት። አሥራ አንድ ዓመት የሸሸኋት ቃል እንዲህ ቀላል ናት። «አንዱን ጣት ግን አጽድተነዋል። እይው።»

ነርሷ ጣቴን አየች፣ ዝርዝሩን አየች፣ ብዕሯን አነሳች። ሉባባ በመሀላችን ገባችና «የማደንዘዣውን ሐኪም ጥሪልን! ራሱ አይቶ ይመልሳት!» አለች። ወላሂ፣ ከወንዙ ወዲያ እስከ ሐጅ ዩሱፍ የተሰማ ይመስለኛል። የማደንዘዣ ሐኪሟ ራሷ ከውስጥ ወጣች። ቀጭን ሴት ናት፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ያላት። ከኪሷ ትንሽ መቆንጠጫ አወጣችና አውራ ጣቴ ላይ አደረገችው።

ማሽኑ መጀመሪያ ሁለት ሰረዝ ብቻ አሳየ። ሉባባ ዱአ ማድረግ ጀመረች። ሰረዙ ብልጭ ብልጭ አለ። እኔ ያን ጊዜ ልቤን ለመንኳት፤ ምቺ፣ ማሽኑ ይይሽ አልኳት። ከዚያ ቁጥሩ መጣ። ዘጠና ስምንት።

«ማነው እንዲህ የላገው?» አለች ሐኪሟ።

«ባሕሪ ያለ አናጢ መከራት፤ እሷ ላገችው።»

ከጭምብሏ ኋላ ስትስቅ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «ትግባ» አለች። ነርሷ በስሜ ላይ ሊያርፍ በነበረው ብዕር ከስሜ ጎን ምልክት አደረገች።

ረቡዕ፤ አልጋ ላይ

ነቅቻለሁ። ግራ ደረቴ በፋሻ ተጠፍሯል፣ ጎኔ ላይ ቱቦ አለ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። ሐኪሙ ጡቴን ከነእብጠቱ፣ የብብቴን ዕጢዎችም ጨምሮ እንዳወጣ ነገረኝ። ጡቴን በማጣቴ ከፋኝ፤ የሄደ አካል ነውና አለቀስኩለት። እንባዬ ሲያልቅ ግን ራበኝ። ሉባባ ፉል በዳቦ ይዛ መጣችና ጥፍር የምታህል ቁራሽ እንኳ አላስተረፍኩላትም።

የማደንዘዣ ሐኪሟ ልታየኝ መጣች። «ያ አናጢሽ ጥሩ ሠርቷል። ጣትሽ እንቢ ቢል ኖሮ መቆንጠጫውን ጆሮሽ ላይ እናደርገው ነበር» አለችኝ።

ሉባባ ባዶውን ሳህን እንደያዘች ቀረች። «ጆሮ?»

«አዎ፣ በጆሮም ይሠራል። እዚህ በር ላይ ግን ሁሉም ጣት ከጠቆረ አያስገቡም።»

«ጆሮዋን እኮ ሒና አልቀባኋትም!» አለች ሉባባ፣ ወደ እኔ ዞራ፣ በአማርኛ። ስስቅ ስፌቱ አመመኝ፤ እያመመኝም ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ያሉ ሳምንታት፤ ሐጅ ዩሱፍ፣ ግድግዳው ሥር

የዚህ ጉዞ ረጅሙ ክፍል አንድ ክንድ አይሞላም። የጨረር ሕክምና ክፍሉ እንዲህ ብሎኛል፦ ማሽኑ ውስጥ ስትተኚ ግራ ክንድሽ ከራስሽ በላይ መሄድ አለበት። ካልሄደ ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ መለካት አንችልም፤ ካልለካን አንጀምርም።

ክንዴ ግን ከትከሻዬ በላይ አልሄድ አለ። ከብብቴ እስከ ክርኔ ገመድ የተወጠረ ይመስላል። አንዲት ነርስ ያስተማረችኝ ግድግዳ ፊት ቆሞ በጣት መውጣት ነው። ጠዋትና ማታ ጣቶቼ ግድግዳውን እንደ ሸረሪት ይወጣሉ። ሉባባ ዓርብ ዓርብ ሥራዋን ስትጨርስ ከሳጃና ትመጣና በደረስኩበት ቦታ ከተረፋት ሒና በጣቷ ቆንጥራ ግድግዳው ላይ ነጥብ ታደርጋለች።

«አሁን ካለፈው በአንድ ጣት በለጥሽ» ትለኛለች። ያልበለጥኩ ጊዜ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ትለኝና ዘላቢያ ትገዛለች። ለእኔም ለእሷም።

ነጥቦቹ በየሳምንቱ ወደ ላይ ወጡ። በጥፍሮቼ ላይ ያለው ሒና ደግሞ በየሳምንቱ ወደ ጫፍ ሸሸ። ከሥር የሚወጣው ጥፍር ንጹሕ ነው። አንድ ዓርብ ላይ፣ የመጨረሻዋን ጥቁር ጫፍ በምላጭ ቆርጬ ስጥል፣ የግድግዳው ከፍተኛ ነጥብ ከሉባባ ቁመት በላይ ነበር። ሉባባ ነጥቧን ልታስቀምጥ ባልዲ ገልብጣ ቆመች።

እሑድ፤ ጨረር ክፍል

ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ሐፍላ፣ ያንኑ ድልድይ። አሁን ወረቀት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምለው «አንብቡልኝ» ነው።

ክፍሉ ይቀዘቅዛል። የምትለካኝ ባለሙያ ወጣት ሱዳናዊት ናት። ጠባብ አልጋ ላይ አስተኝታኝ «ክንድሽን ወደ ላይ» አለች። አነሳሁት። ግማሽ መንገድ ላይ ገመዱ ጎተተኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጭቃ ግድግዳችንን አሰብኩ፣ ነጥብ በነጥብ። ክንዴ ከራሴ በላይ ሄዶ ከማረፊያው ላይ ተቀመጠ።

«በጣም ጥሩ» አለች። ከዚያ ደረቴ ላይ በወይን ጠጅ ቀለም መስመር ታሰምር ጀመር። አንድ ከላይ፣ አንድ ከጎን፣ መሀል ላይ መስቀለኛ። ብዕሩ ይኮረኩራል። ስትጨርስ አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ። «ይሄ መስመር ሕክምናው እስኪያልቅ መጥፋት የለበትም። ሳሙና አታስነኪው፣ አትፈትጊው። በየቀኑ በዚህ ነው የምናነጣጥረው።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰማሁት ትእዛዝ ፈትጊ፣ አስለቅቂ፣ እንዳይታይ አድርጊ የሚል ነው። ዛሬ አንዲት ባለሙያ ገላዬ ላይ ጽፋ አታጥፊው አለችኝ። እንባዬ መጣ፤ ክንዴ ወደ ላይ ስለሆነና መንቀሳቀስ ስለሌለብኝ መጥረግ አልቻልኩም።

«አመመሽ?»

«የለም። እጄን ሒና መቀባት እችላለሁ?»

ሳቀች። «እጅሽ የራስሽ ነው። መስመሩን ብቻ አትንኪብኝ።»

በዚያው ቀን፤ ከሳጃና ወደ ቤት

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ሳጃና ሄድኩ። ሉባባ በሩን ስትከፍት ግራ እጄን ከራሴ በላይ አነሳሁና የመቃኑን ጫፍ ያዝኩ። እልልታዋ ጎረቤቱን አወጣው። ጎረቤቶቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት።

«ቀቢኝ» አልኳት። «አሁን ማንም አይመልሰኝም።»

ከቀኙ አውራ ጣት ጀመረች። የላገችውን ጥፍር ሁለት ጊዜ ነከረችው፣ ዕዳ እንደምትከፍል ሰው። ሒናው እስኪደርቅ የከሰዓቱ ፀሐይ አለፈ።

ወደ ሐጅ ዩሱፍ የምትመለሰዋ ሐፍላ ጢም ብላለች። ባሕሪ ላይ እንደ ልማዷ ተገተረች። በመስኮት ኡስጣ በሺርን ከእንጨቱ መሀል አየሁት። «ኡስጣ!» ብዬ ተጣራሁና አሥር ጥቁር ጣት አሳየሁት። ለአፍታ ግራ ገባው። ከዚያ አወቀኝና የብርጭቆ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አወዛወዘ፤ ልላገው እንዴ እንደማለት። አናጢው ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ ሰው ወረደና ወንበር ተለቀቀ። ከምሳሪው እጄን አይቶ «ተፈደሊ፣ ያ ዐሩስ፣ ተቀመጪ» አለኝ።

ግራ እጄ ከላይ ያለውን ብረት ይዟል። ከቀሚሴ ሥር የወይን ጠጅ መስመሮቼ አሉ። እብጠቱን በደበቅሁባቸው ወራት ይህን ብረት ስይዝ ብብቴ ያመኝና እጄን እቀይር ነበር፤ ማንም እንዳያውቅብኝ።

«አመሰግናለሁ፣ እቆማለሁ» አልኩት።

እስከ ሐጅ ዩሱፍ ድረስ ቆሜ ሄድኩ። እጄን አንድ ጊዜም አልቀየርኩም።